ሻዲያ የዘጋችው ክዳን

ሳሚር ራሺድ ሌላ ሰው የገጠመውን ዕቃ ፈትቶ ሳያይ አያምንም። አደን፣ ሼክ ዑስማን ገበያ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። አዲስ ማራገቢያ ከነካርቶኑ ገዝቶ ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ ብሎኑን ይፈታል፣ ውስጡን ያያል፣ መልሶ ይገጥማል፤ ሶኬት ላይ የሚሰካው ከዚያ በኋላ ነው። ጎረቤቶቹ፣ «ይህ ሰው ሙሽራ ብትመጣለትም ብሎኗን ይፈልጋል» እያሉ ይስቁበታል። ሙሽራ ግን አልመጣችለትም። አርባ ዓመት ሞልቶታል። እናቱ በሕይወት ሳለች ሦስት ልጃገረዶች አይታለት ሦስቱንም በየሰበቡ መልሷል።

ሥራው እዚያው ቤቱ ነው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ በምትገኝ ጠባብ ግቢ፣ በሐውሹ ውስጥ ተቀምጦ አሮጌ ሬጉሌተሮች ያድሳል፤ ጠላቂዎች ባሕር ውስጥ ሲገቡ በጀርባቸው ካዘሉት ሲሊንደር አየር የሚስቡባቸውን ማለት ነው። እንግሊዞች ጥለዋቸው የሄዱ አሉ፣ ሩሲያዎች የረሷቸው አሉ፣ ከወደብ መጋዘን በኪሎ የተሸጡም አሉ። ሳሚር ናሱን በኮምጣጤ ይዘፈዝፋል፣ ዝገቱን በጥርስ ብሩሽ ይፈገፍጋል፣ የደረቀውን ጎማ አውጥቶ አዲስ ይቆርጣል። በመጨረሻ ሲሊንደር ሳያስርበት አፉ ላይ አድርጎ ይስበዋል። እምቢ ብሎ ምንም አየር ካላስገባ ጤነኛ ነው። እሺ ካለ አንድ ቦታ ተቀዷል።

ይህ ጠባይ ዝም ብሎ አልመጣበትም። አባቱ ራሺድ በአደን ወደብ የታወቀ ገዋስ፣ ባሕር ጠላቂ፣ ነበር። አንድ ጠዋት ወዳጁ የገጠመለትን ሬጉሌተር ተቀብሎ፣ «የወዳጄን እጅ ልፈትሽ እንዴ? ነውር ነው» ብሎ ጠለቀ። በራሱ ኃይል አልወጣም። የደሴዋ ተወላጅ ዐሊያ፣ የሳሚር እናት፣ የባሏን ሬሳ ከቀበረች በኋላ አንድ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ፣ «እኔ እናትህ ብገጥመው እንኳ ፈትተህ እይ» ብላ አስማለችው።

መሐላውን ጠብቋል። ከአንዱ በቀር።

ያ አንዱ ከሥራ ጠረጴዛው በላይ ምስማር ላይ ተሰቅሏል። ሁለት የተሸበሸቡ ጥቁር ቱቦዎች ያሉት የእንግሊዝ ዘመን ሬጉሌተር ነው፤ የአባቱ። ክዳኑ ከተዘጋ አሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሳሚር በየጁምዓው አቧራውን ይጠርግለታል እንጂ አንድም ቀን አልፈታውም። ለምን እንዳልፈታው ለማንም አልተናገረም። ልናገር ቢል የሰው ሚስት ስም መጥራት ሊኖርበት ነው።

ያን ረቡዕ ከዙሁር ሰላት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«ያ ሳሚር፣ ፋይሰል ነኝ» አለ የመንሱራው ጨርቅ ነጋዴ። የሟቹ የሐጂ ዐብደላ ልጅ ነው። «እኅቴ ለአባታችን ዐዛ፣ ለለቅሶው፣ ከጅዳ መጥታ ነበር። አርባውም አለፈ፣ ነገ ትመለሳለች። ኻላ ዐሊያ ስትሞት አልነበርኩም፣ ሳልደርስ አልሄድም ብላ አስጨነቀችኝ። ከዐስር በኋላ ብንመጣ ይመችሃል?»

«ቤታችሁ ነው» አለ ሳሚር።

ስልኩን ከዘጋ በኋላ ሐውሹን ጠረገ። ተላጨ፤ አገጩን ቆረጠው። ሐውሹን እንደገና ጠረገ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ለፋይሰል እኅት ለሻዲያ ሊላት ያሰበው ሁሉ ተመልሶ መጣበት። አንዱንም እንደማይላት ያውቃል፤ እንዲያ ሆኖም ልቡ እንደ ሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ዘለለ፣ በራሱም አፈረ።

*

ሰሜንና ደቡብ የመን አንድ ከሆኑ ስድስተኛው ዓመት ነበር። የመናዊው ሐጂ ዐብደላ ቤተሰቡን ከድሬዳዋ አምጥቶ አደን፣ መንሱራ ሰፈር የጨርቅ መደብር ከፈተ። ሻዲያ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ዐረብኛውን ለእንግዳ ትናገረዋለች፤ የምትቀልደውና የምትቆጣው ግን በአማርኛ ነው። ሰኞና ረቡዕ ስፌት ልትማር ዐሊያ ዘንድ ትመጣለች። ከአንዱ ጥግ የስፌት መኪናው ይንጫጫል፣ ከሌላው ጥግ ሳሚር አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። ሰላምታ ብቻ ነበር በመካከላቸው።

አንድ ቀን ሳሚር ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ብሎን ሊያስገባ ሲታገል ሦስት ጊዜ ጣላት። በአራተኛው ሻዲያ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣች።

«ስጠኝ እባክህ፣ እኔን ደከመኝ» አለች።

በቀጭን ጣቶቿ አንድ ጊዜ አስገባቻት። ዐሊያ ከመነጽሯ በላይ አየቻቸውና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻዲያ ከስፌቱ ሰዓት እየቆረሰች የራሺድን ሬጉሌተር ከሳሚር ጋር ማደስ ያዘች። ሰባት ወር ፈጀባቸው። ሥራው የሁለት ሳምንት ነበር፤ ሁለቱም ያውቃሉ፣ አንዳቸውም አልተናገሩም። ዐሊያ ፊት መተያየት አይቻልም፤ ስለዚህ ሁለቱም ተወልውሎ የሚያበራውን ክዳን ያዩ ነበር። ክዳኑ ውስጥ የሚያዩት ግን አንዱ የሌላውን ፊት ነው።

«እኔ የገጠምኩትንም ትፈታዋለህ?» አለችው አንድ ረቡዕ።

«እናቴም ብትገጥመው እፈታዋለሁ።»

«ታዲያ እኔ ለምን እለፋለሁ?»

«ስፈታው ጣትሽ የት የት እንዳረፈ አያለሁ» አለ። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ደነገጠ። ሻዲያ ሳቋን ለመደበቅ ሻሿን ወደ አፏ ሳበች፤ እሱ ግን ሳቁን ክዳኑ ውስጥ አየው።

ሳሚር ሐሳብ ነበረው። ይህ ሬጉሌተር ሲያልቅ የእናቱን ወንድም ይዞ ሐጂ ዐብደላ ዘንድ ሽማግሌ ይልካል። ግን ይፈራል። ሐጂው መደብሩ ውስጥ ሰው እየሰማ፣ «ልጄን ለቱቦ ጠጋኝ አልሰጥም፤ ያውም ለሙወለድ» ብሎ ነበር። ሙወለድ ማለቱ እናቱ ሐበሻ ስለሆነች ነው። ጅዳ ደግሞ የሐጂው ወንድም ልጅ አለ፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ኢቃማ በእጁ፣ ሱቁ በስሙ። ስለዚህ ሳሚር ነገን ወደ ከነገ ወዲያ እየገፋ ይቦርሻል።

የመጨረሻው ሰኞ የቀረው ክዳኑን መግጠም ብቻ ነበር። ያን ቀን የስፌት መኪናው ቀበቶ ተበጠሰና ዐሊያ ትርፍ ቀበቶ ልታስፈልገው ልጇን ወደ ጓዳ ጠራችው። ቀበቶውን ፈልጎ ሲመለስ ሻዲያ ክዳኑን የሚይዙትን ስምንቱንም መቆንጠጫዎች ገጥማ ጨርሳ አገኛት። ሁለት እጇን ክዳኑ ላይ አሳርፋ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል። የፋይሰል መኪና ውጪ ጡሩምባ ይነፋል።

«አለቀ» አለች፣ ቦርሳዋንም አንሥታ ወጣች።

ማታውን ሳሚር እንደ ልማዱ ነጩን ጨርቅ ዘረጋ፣ ሬጉሌተሩን አስቀመጠ፣ መፍቻውን አነሣ። እጁ ቆመ። ይህን ክዳን ብፈታው፣ አለ በልቡ፣ አንቺም እንደ ሌላው ሰው ነሽ ማለቴ ነው። መፍቻውን አስቀመጠ። አባቱ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው እጅ አመነ። ሬጉሌተሩን ግድግዳው ላይ ሰቀለው፤ በሚቀጥለው ሳምንት አጎቱን ሊያናግር ወስኖ፣ ደስ ብሎት ተኛ።

ረቡዕ ሻዲያ አልመጣችም። ቅዳሜ ፋይሰል ለሌላ ጉዳይ መጥቶ፣ በወሬ መካከል፣ «ትናንት የእኅቴ የእጮኝነት ፋቲሓ ተቀራ፣ ለጅዳው» አለ። ሳሚር፣ «ማሻአላህ» አለ። ሰኞ ዕለት ታውቅ ነበር ማለት ነው። ዓይኗ የቀላው ለዚህ ነው። አውቃ፣ አንዲት ቃል ሳትነግረኝ፣ ክዳኑን ዘግታ ሄደች። ንዴቱ ከሐዘኑ ቀደመ። ሦስት ወረቀት ጽፎ ሦስቱንም ቀደደ። በአራተኛው፣ «ሻዲያ፣ አላህ ይባርክልሽ። ሳሚር» ብሎ በእናቱ እጅ ላከው። ዐሊያ ወረቀቱን ይዛ በሩ ላይ ብዙ ቆመች። እንድትመለስ ሊጠራት ፈልጎ ነበር፤ ኩራቱ አፉን ያዘው።

*

ዐስር ሰላት እንዳለቀ መጡ። ፋይሰል ለሟቿ ፋቲሓ ቀርቶ ስልኩ ሲጠራው ሐውሹ በር ላይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሻዲያ በጥቁር ዐባያ ውስጥ ትንሽ ወፍራለች። የዓይኗ ጥግ ተሸብሽቧል። ዓይኖቿ ግን እነዚያው ናቸው፣ ሳሚርም ቶሎ ወደ መሬት አየ።

«እንኳን ደህና መጣሽ፣ ኡሙ ራኒያ» አላት፤ የበኩር ልጇን ስም ከፋይሰል ሰምቷል።

«በዚህ ቤት ስሜ ሻዲያ ነበር» አለች።

ወተት ያለበት ሻሂ አቀረበላት። ስለ ዐሊያ አወሩ። ሻዲያ ተማሪ ሳለች የምትይዘውን መቀስ ዐሊያ እስክትሞት ከሳጥኗ እንዳላወጣችው ሲነግራት አለቀሰች። «አላህ ይርሐማት። ልጄ ብላ የጠራችኝን ሰው ሳልቀብር ቀረሁ» አለች። ከገበያው የዳባብ፣ የሚኒባስ፣ ረዳቶች፣ «መንሱራ፣ መንሱራ» እያሉ ሲጣሩ ይሰማል። ሻዲያ ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ያለውን አየች።

«አሁንም አለ?»

«አለ።»

«ባሕር ገባህበት?»

«አልገባሁበትም።»

«እና ጎማው እስካሁን ደህና ነው?» አለች፣ ድምፅዋን ቀላል ለማድረግ እየሞከረች። «አንተ እንደሆንክ በየወሩ ሳትፈታው አትቀርም።»

ሳሚር የሻሂውን ብርጭቆ በእጁ አዞረ። ነገ ትሄዳለች። ባሏ አለ፣ ልጆቿ አሉ፤ ሊጠይቃት የሚችለው ነገር የለም። አንድ ነገር ግን ሊሰጣት ይችላል። ይህን ያህል ታውቅልኝ፣ አለ በልቡ፣ ይህን ብቻ ይዛ ትሂድ።

«አልፈታሁትም ሻዲያ» አላት። «አንቺ ከዘጋሽው ወዲህ ማንም አልከፈተውም። እኔም ጭምር።»

«አንተም?»

«እኔም። በሕይወቴ ፈትቼ ሳላይ ያመንኩት ያንን ክዳን ብቻ ነው። የዘጋው ያንቺ እጅ ነዋ።»

ፈገግ ትላለች ብሎ ጠበቀ። ፊቷ አመድ መሰለ። ብርጭቆው በእጇ ውስጥ ዘምበል ብሎ ሻሂው ዐባያዋ ላይ ፈሰሰ፤ አላወቀችውም።

«ወላሂ በል» አለች።

«ወላሂ።»

«ሳሚር፣ አባትህ በተቀበረበት... ወላሂ በል።»

«ወላሂ አልኩሽ! ምን ሆንሽ?»

«አውርደው» አለች። «ፍታው።»

ነጩን ጨርቅ ዘረጋ። ስምንቱ መቆንጠጫዎች በዓመታት ብዛት ደርቀው ነበርና አንድ በአንድ እየታገለ ፈታቸው። ክዳኑ ሲነሣ ከሥሩ ያለው ስስ ጎማ ተሰነጣጥቋል። በላዩ ላይ ከመኪና የውስጥ ጎማ ተቆርጦ በክር የታሠረ ጥቁር ጥቅል ተኝቷል። በክዳኑ ቀዳዳዎች ብዙ ጊዜ አይቶታል፤ ጥቁር በጥቁር ላይ ሆኖበት የራሱን ጎማ ያየ መስሎት ነበር።

«ይህ የእኔ አይደለም» አለ።

«የእኔ ነው። ውኃ እንዳያገኘው ብዬ ነው የጠቀለልኩት» አለች ሻዲያ። «አንብበው።»

ወረቀቱ ብጫ ሆኗል፣ ጽሑፉ ግን አልጠፋም።

«ሳሚር፣ እናትህ ፊት መናገር ስለማልችል በዚህ ላክሁልህ። ዛሬ ማታ እንደምትፈታው አውቃለሁ። አባቴ ዐርብ ለጅዳው ዘመዴ ፋቲሓዬን ሊያስቀራ ነው። እናቴ እግሩ ላይ ወድቃ ለመነችው። ‹እስከ ሐሙስ መግሪብ በሽማግሌ የሚጠይቃት ሌላ ሰው ከመጣ እሰማዋለሁ› ብሏል፤ እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አጎትህን ይዘህ ና። ባዶ እጅህንም ቢሆን ና። ካልመጣህ አልፈለገኝም ብዬ እሺ እላለሁ፤ አልወቅስህም፣ ሁለተኛም አልጠይቅህም። ሐሙስ ሰማያዊውን ቀሚስ እለብሳለሁ። ሻዲያ።»

ሳሚር ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። ፊደሎቹ ተደበላለቁበት።

«ከዙሁር ጀምሮ መስኮት ላይ ነበርኩ» አለች ሻዲያ። ፋይሰል እንዳይሰማ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። «ዳባብ በቆመ ቁጥር አንተ የምትወርድ ይመስለኛል። አንድ አጎትህን የሚመስል ሽማግሌ ወረደ፤ ደረጃውን እስከ ግማሽ ወረድኩለት። ሰውዬው ዳቦ ሊገዛ ነበር። መግሪብ አዛን ሲል እናቴ መጣችና መጋረጃውን ዘጋችው። ‹ኸላስ፣ በቃ ልጄ› አለችኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ያንተ ወረቀት መጣ። አላህ ይባርክልሽ። እኔ ያንን ምን ብዬ አነበብኩት? የደብዳቤዬ መልስ ነው ብዬ ነዋ!»

«እኔ እኮ... ሰኞ ዕለት አውቀሽ ዝም ያልሽኝ መስሎኝ። ተናድጄ ነው የጻፍኩት። ሦስት ወረቀት ቀድጄ።»

«በሦስቱ ላይ ምን ነበር?»

«አታግቢ የሚል» አለ ሳሚር።

ሻዲያ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ስትስቅ ይሁን ስታለቅስ ለመለየት ጊዜ ወሰደበት።

«በዕድሜህ አንድ ጊዜ ሰው አመንክ፤ ያቺም እኔ ሆንኩ?» አለች። «ሐራም ዐለይክ፣ ግፍ ነው ሳሚር! እንደ ሌላው ሰው ብትጠረጥረኝ ምን ነበረበት?»

«እመጣ ነበር። በእግሬ እስከ መንሱራ...»

«አውቃለሁ። አሁን አትንገረኝ። እባክህ አሁን አትንገረኝ።» ዓይኗን በዐባያዋ ጫፍ ጠረገች። «ባሌ ደግ ሰው ነው። ክፉ ተናግሮኝ አያውቅም። እኔ ግን አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ጓዳ ገብቼ አንተን ስረግምህ ኖርኩ። ስራገምም ደህና ነበርኩ፣ በዚያ ተደግፌ ነው የኖርኩት። አሁን ማንን ልርገም? አባቴን ትናንት ይቅር ብዬ ጨረስኩ። አንተ ጥፋት የለብህም፣ እኔም የለብኝም። እንዴት ነው የምሆነው?»

እጇ ነጩ ጨርቅ ላይ፣ ከእጁ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ፣ ተዘርግቷል። ሁለቱም ያንን ስንዝር አዩት። ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ መንቀሳቀስም የሁለቱ ፈንታ አልነበረም። ሳሚር በዚያች ቅጽበት የወደዳትን ያህል በዚያ ሁሉ ዓመት አልወደዳትም።

«ሻዲያ!» አለ ፋይሰል ከበሩ። «ኸላስ? መግሪብ ደረሰ እኮ።»

ያንኑ የእናቷን ቃል ስትሰማ ትከሻዋ ወደቀ። «ውኃ ስጠኝ» አለች ሳሚርን። «ፊቴን ሳልታጠብ ልወጣ አልችልም።»

ጓዳ ገብቶ በጣሳ ቀዝቃዛ ውኃ ይዞ ሲመለስ ስምንቱ መቆንጠጫዎች ተመልሰው ገጥመዋል። ሻዲያ ሁለት እጇን ክዳኑ ላይ አሳርፋ ቆማለች። ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ የለም። ይዛው ልትሄድ ነው፣ አለ ሳሚር በልቡ፤ የሷ ነው፣ ይገባታል። ያም ሆኖ ከፋው።

«አለቀ» አለች።

ፊቷን ታጠበች፣ ሻሿን አስተካከለች። በሩ ላይ፣ ወንድሟ እየሰማ፣ «አላህ ያጽናህ» አለችው፤ የለቅሶ ቃል ነው፣ ማንም ለማንም ይለዋል። መኪናው ከመንገዱ ጥግ እስኪታጠፍ ሳሚር ቆሞ አየ። አልዞረችም።

ተመልሶ ሬጉሌተሩን አነሣ፣ ወደ ምስማሩ ከፍ አደረገው። እጁ አየር ላይ ቆመ። ያቺ ሰኞ መጣችበት፦ መፍቻውን ያስቀመጠባት፣ ደስ ብሎት የተኛባት። ሬጉሌተሩን መልሶ ነጩ ጨርቅ ላይ አጋደመውና መቆንጠጫዎቹን መፍታት ጀመረ። ቸኩሎ ነበርና አምስተኛው ከእጁ አምልጦ ከጠረጴዛው ሥር ገባ፤ አልፈለገውም።

ጥቁሩ ጥቅል እዚያው ነበር። ያው ክር፣ ያው ወረቀት። ጀርባው ላይ በእርሳስ አዲስ ጽሑፍ አለ፣ በችኮላ የተጻፈ፦

«አሁንስ እንደፈታኸው አውቃለሁ። አልመጣህም እንጂ ጠልተኸኝ አልነበረም፤ ይህን ይዤ እኖራለሁ። ጎማውን ቀይርለት፣ በጣም አርጅቷል።»

ሳሚር ያለቀሰው ያን ጊዜ ነው፤ ለእናቱ እንኳ እንዲያ አላለቀሰም። አዛኑ ካበቃ በኋላ የውስጥ ጎማ ቁራጭ አመጣ፣ አሮጌውን ክዳን በላዩ ላይ አስቀመጠ። ዙሪያውን ለማስመር እርሳስ ያስፈልገው ነበር። እርሳሱ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ እሷ በተወችበት ቦታ፣ ነበረ። ብዙ ቆሞ አየው፤ ሊያነሣው ግን እጁ እምቢ አለው።